ዓሣ የማይሞትበት ቤት

ዓሣ ሲሞት ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት ዓሣ አይሞትም ነበር። የሰፈር ልጆች የገዟቸው ዓሣዎች ሳምንት ሳይሞላቸው ሆዳቸውን ገልብጠው ሲገኙ፣ የእኛዎቹ ጠዋት ጠዋት እንደ አዲስ ይፈነጥዙ ነበር። እኔም አፌን ሞልቼ ጉራዬን እነዛ ነበር። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ «አባቴ ስለማይፈቅድላቸው ነው» እላቸው ነበር። ከእውነቱ ብዙም እንዳልራቅሁ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

አባቴ መስታወት ቆራጭ ነበር። ገንዳውን የሠራው ከአንድ ሱቅ ማሳያ በተረፈ ወፍራም መስታወት ነው፤ ጠርዝ ለጠርዝ በሲሊኮን አጣብቆ፣ ሳሎናችን ውስጥ መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ለእኔ የተሠራ መጫወቻ መስሎኝ አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ ሳምኩት። እሱም አልተቃወመም፣ ግን ለእኔ አልነበረም። ገንዳው የተሠራው እናቴ የምንጠጣውን ውሃ ማመን ስላቃታት ነው።

ቧንቧ ወደ ሰፈራችን ገና አልገባም ነበር። የምንጠጣው ጓሯችን ካለው ጉድጓድ ነው፤ አባቴ እናቴን ባገባበት ዓመት በገዛ እጁ የቆፈረው። «ሰው ሚስቱን በወርቅ ያገባል፣ እኔ በውሃ ነው ያገባኋት» እያለ ይቀልድ ነበር። ቤቱንም ግድግዳ በግድግዳ የሠራው እሱ ነው። ከጓሯችን አጥር ጀርባ ግን አንድ ባትሪ ሠሪ ገባ። አሮጌ የመኪና ባትሪ እየሰበረ አሲዱን መሬት ላይ ይደፋል፣ በውስጡ ያለውን እርሳስ በብረት ድስት ያቀልጣል። ጭሱ ወደ እኛ ሲነፍስ ምላሴ ላይ የሚጣፍጥ ነገር ይሰማኝ ስለነበር ንፋሱ እንዲመጣልኝ አጥሩ ሥር ሄጄ አፌን እከፍት ነበር።

ታናሽ ወንድሜን ድንቡሼ እንለው ነበር። ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጉንጩ ቢነክሱት የሚያጠግብ፣ «እማ»፣ «ውሃ»፣ እኔን ደግሞ «እታ» የሚል። ከዚያ መክሳት ጀመረ። ሆዱን ይዞ ያለቅሳል፣ ፊቱ አመድ ለበሰ፣ የሚላቸውም ቃላት አንድ በአንድ ጠፉ። መጀመሪያ የጠፋው «እታ» ነው። ኳሱን ስለወሰድኩበት ያኮረፈኝ መሰለኝ፤ እኔም አኮረፍኩት። በኋላ ራሴ ተሸንፌ ኳሱን እጁ ላይ ባስቀምጥለት፣ ኳስ መሆኑን እንደማያውቅ ሰው አየው። ኩርፊያው የበረታ መሰለኝ።

አንድ ቀን ማድ ቤት በር ላይ ሆኜ እናቴ ከአባቴ ጋር ስትከራከር ሰማሁ። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ መርፌ ከንፈሯ ላይ ይዛ ማውራት ስለለመደች ቃላቷ አጭር አጭር ናቸው። ልጁ የሚበላው አልተለወጠም፣ የሚተኛበት አልተለወጠም፣ የተለወጠ ነገር ካለ ውሃው ነው አለችው። አባቴ ውሃውንማ ሁላችንም እንጠጣዋለን ብሎ ሳቀባት። እንግዲያው ዓሣ ጨምርበትና እንይ አለችው። ገንዳው የተሠራው ያኔ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ዓሣዎች በደንብ አላስታውሳቸውም። ከትምህርት ቤት ስመለስ አልነበሩም፤ አባቴ ሰፈሩ ስላልተስማማቸው ወደ ሻጩ መለስኳቸው አለኝ። የዚያኑ ዕለት እናቴ ሻንጣ አውርዳ የድንቡሼን ልብስ ማጠፍ ጀመረች። ልትሄድ ያሰበችው አክስቴ ዘንድ ነው፤ አክስቴ ከተማው መሀል ቧንቧ ባለው ፎቅ ቤት ነበር የምትኖረው። አባቴ እጇን ይዞ ለመናት። ውሃውን አጠራዋለሁ፣ ክረምቱ እስኪወጣ ታገሺኝ፣ ዓሣ ከኖረበት ጉድጓዱ አጠገብ ትልቅ ማጣሪያ እሠራለሁ፣ ዓሣ ከሞተ ግን እኔው ራሴ ሻንጣሽን ተሸክሜ እህትሽ ቤት አደርስሻለሁ አላት። እስከዚያ ውሃውን እያፈላን እንድንጠጣ ተስማሙ።

ማፍላት ተውሳክ ይገድላል፤ እርሳስን ግን አያስወጣም፤ እንዲያውም ውሃው እየተነነ በሄደ ቁጥር በሚቀረው ውስጥ እርሳሱ ይበረታል። ይህን በሰፈራችን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እናቴ ማንቆርቆሪያውን ለረጅም ጊዜ ታፈላው ነበር፤ ለልጇ ስትል ከሌላው ሰው አብልጣ።

ውሃውን በተክል ማጥራት የሚለውን ሐሳብ አባቴ ያገኘው መስኮት ሊገጥም ከሄደበት አንድ ቤት ነው። የዓሣ ገንዳ ላይ ሥሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ቅጠሉን አየር ላይ የዘረጋ ተክል አይቶ፣ ባለቤቶቹ ውሃውን የሚያጠራው እሱ ነው አሉት። ቅዳሜ እኔን ይዞ ችግኝ ወደሚያፈሉ አንዲት ሴትዮ ሄደ። ሴትዮዋ ክንዳቸው ድረስ ጭቃ የለበሱ፣ ሰውን ሁሉ እንደ ችግኝ ዝቅ ብለው የሚያዩ ነበሩ። እኔን ከላይ እስከ ታች አይተው ውሃ ያንሳታል አሉ።

የተክል መረጣን ነገር እንደ ትምህርት ነው ያስተማሩን። ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚኖር ተክል አየር ስለሚቸግረው ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ቅጠሉ ከውሃው በላይ የሆነ ግን አየሩንም ብርሃኑንም እንደልቡ ያገኛል፣ ስለዚህ ቶሎ ይረዝማል፤ ቶሎ የሚረዝም ደግሞ ብዙ ይበላል። ሥሩ ይጠጣ፣ አንገቱ ግን አይጥለቅ አሉ፤ አንገቱ የጠለቀ ተክል ከሥር ጀምሮ ይበሰብስና ያጠራል ያላችሁትን ውሃ መልሶ ያከፋዋል። አፈሩን ሙልጭ እስኪል እጠቡለት፣ አፈር የለመደው ሥር ይሞታል፣ ከዚያ ነጭ የውሃ ሥር ያወጣል፣ ያን ጊዜ አትደንግጡ። አባቴ እያንዳንዱን ቃል በከንፈሩ ይደግም ነበር። በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ጠየቃቸው።

«እትዬ፣ ቆሻሻ ሲባል ማንኛውንም ቆሻሻ ይመጥጡታል?»

«ቆሻሻ ቆሻሻ ነው፣ ልጄ» አሉት እየሳቁ። «ተክል እንደ ሰው አያማርጥም።»

እሳቸው ያሉት የዓሣ እዳሪ ነው። አባቴ የጠየቀው ስለ ባትሪው ነው፤ ግን ባትሪ የሚለውን ቃል አላነሳም። ሚስቱ የተጠራጠረችውን ውሃ በሰው ፊት መጥፎ ነው ብሎ መናገር አልሆነለትም። ያን ዕለት ቢነግራቸው ኖሮ ሳቃቸውን ትተው አንድ ነገር ይሉት ነበር ብዬ አምናለሁ። አልነገራቸውም። ችግኞቹን በጋዜጣ ጠቅልለን እየዘፈንን ወደ ቤት ተመለስን።

ከገንዳው አፍ ዳር እስከ ዳር የሚደርስ የመስታወት መደርደሪያ ሠራ። መስታወት መብሳት ቀላል ሥራ አይደለም፤ ውሃ እያንጠባጠበ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣ የእያንዳንዱን ተክል አንገት የሚይዝ ቀዳዳ አወጣለት። ከዚያ መረጣው ተጀመረ። በመጀመሪያ በሶብላ ገባ፤ ሽታው ደስ ስለሚል የመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ግንዱ ጠቁሮ ሟሸሸና ውሃው እንደ እጣቢ ሸተተ። ናና ያለ ምንም ችግር ሥር ሰደደ፤ ግን ቀጥኖ ወደ መስኮቱ ተንጋደደ። ጎደሬ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ጃንጥላ የሚያህል ቅጠል ዘረጋ፤ አባቴ እንደ ወንድ ልጅ ኮራበት። እናቴ ግን ቅጠሉን ሰብራ ወተቱን ክንዷ ላይ ቀባችና ሲያሳክካት አሳየችው።

«ልጁ አፉ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል። ውሰድልኝ» አለችው።

ጎደሬው ጓሮ ተጣለ። በምትኩ እሷ ራሷ ከደንበኛዋ ቤት ቅጠሉ ልብ የሚመስል ሐረግ ቆርጣ አመጣች፤ ፀጉር ቤቶች በመደርደሪያ ላይ የሚያንጠለጥሉትን። ከየቁርጡ አንጓ ላይ ነጭ ሥር ወጣ፣ ሥሩ እንደ ጢም ወደ ታች ወረደ፣ ሐረጉ መጋረጃውን ይዞ ወጣ። ቀርከሃ ጨመሩበት። ማታ ማታ ሥራ ሲያበቃ ሁለቱ ገንዳው ፊት ቆመው የትኛው የት ይቀመጥ እያሉ ይጨቃጨቁ ነበር። እናቴ ስትስቅ የሰማሁት ያን ሰሞን ነው። ሳሎናችን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ አምሮበት አያውቅም። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለውን በሌላ ሰው ቤት አላየሁትም።

ውሃው ጠራ። የውሃው አረንጓዴ መልክ ሁሉ ጠፋና አባቴ ከገንዳው ጀርባ ጋዜጣ ይዞ በውሃው ውስጥ አሻግሮ አነበበልን። ሦስት ወርቃማ ዓሣዎች ገቡ። አንደኛው ከሻጩ ሲመጣ ጀምሮ ጭራው እኩሌታው የተቆረጠ ነበር፤ ቆራጤ አልኩት። የእኔ እሱ ነበር። ምግብ ስሰጣቸው ሌሎቹን በእጄ እየከለከልኩ እሱን አስቀድም ነበር።

ያን ሰሞን አባቴ ሁለት ልማድ አመጣ። ማታ ገንዳውን በአሮጌ አንሶላ ይሸፍናል፤ ዓሣም እንደ ሰው ጨለማ ይፈልጋል አለን። ጠዋት ከሁላችንም ቀድሞ ይነሳና አንሶላው ሥር ጎንበስ ብሎ ይቆያል። ሌላው ደግሞ የስቱኮ ባልዲው ነው። መስታወት የሚያጣብቅበት ስቱኮ ያለበትን ባልዲ ድሮ ሥራ ቦታው ይተወው ነበር፤ አሁን ክዳኑን ገጥሞ ቤት ይዞት ይመጣል፣ ሲራመድም ውስጡ ይንቦጫረቃል። ስቱኮው የቀጠነ መሰለኝ። ከሥራ ሲገባ እኛን ሳይስም በፊት ወደ ገንዳው መሄዱን ደግሞ ከእኔ አብልጦ ዓሣዎቹን የወደደ አድርጌ ቆጠርኩትና ቀናሁ።

በባልዲው ውስጥ የነበረው ምን እንደሆነ አንባቢ ገብቶታል። እኔ ግን ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እናቴ ደግሞ ማመን ፈልጋለች። ማመን የፈለገ ሰው ገንዳ ውስጥ ያለን ዓሣ ለይቶ አያይም። ድንቡሼ ግን አልተሻለውም። «ውሃ» የሚለውም ጠፋ፤ ሲጠማው ማንቆርቆሪያውን በጣቱ ያሳያል። አንድ ቀን ወለሉ ላይ ወድቆ ተንቀጠቀጠ፤ ዓይኑ ነጭ ሆነ። ትኩሳት ነው ተባለ። እናቴ ወደ ሻንጣው ልትሄድ ስትነሳ አባቴ ወደ ገንዳው አመለከታት፤ ሦስቱም ዓሣዎች እየዋኙ ነው። ቆማ አየቻቸው፣ ከዚያ ተቀመጠች።

አክስቴ አንድ እሁድ ምሳ ልትበላ መጣች። አባቴ ገንዳውን ሊያስጎበኛት ቸኩሎ የእያንዳንዱን ተክል ጠባይ ያወራላታል፤ ይኼ ከርሳም ነው፣ ይቺ ጌጥ ብቻ ናት፣ ሥራ የላትም ይላል። አክስቴ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ብላ ቀለደችበት፤ ሳቁ። ድንቡሼ እናቴ ጭን ላይ ነው። እኔ ምሳዬን ትቼ መስታወቱ ላይ አፍንጫዬን ለጥፌያለሁ፤ ድንገት አየሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም።

«እማዬ፣ ቆራጤ ድኗል! ጭራው በቀለ!» አልኩ። «ተክሎቹ አዳኑት!»

የሳቀ አልነበረም። እናቴ ድንቡሼን ለአክስቴ አቀብላ መጣችና አጠገቤ ጎንበስ አለች። ዓሣው ዞረ፤ ጭራው ሙሉ ነው፣ እንደ ሐር የተዘረጋ።

«ዓሣ ጭራው ሲቆረጥ ይተካል» አለ አባቴ ከኋላችን።

«ትናንት ማታ እኔ ነኝ ያበላኋቸው» አለችው። «በአንድ ሌሊት ነው የተካው?»

አባቴ ወደ ኋላ ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እናቴ ቀና ብላ አየችው፤ አልጮኸችም። ስንቱን ለወጥክ ብላም አልጠየቀችውም። ወደ አክስቴ ዞራ ዛሬ አብረንሽ እንሄዳለን አለቻት። ሻንጣው ሲዘጋ አባቴ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ እሸከመዋለሁ ያለውንም ሻንጣ አክስቴ ተሸከመችው። እኔ የተረዳሁት እናቴ ዓሣ መዳኑ እንዳናደዳት ነው። ደስታ የማትወድ ክፉ ሴት መሰለችኝ። መንገዱን ሙሉ አላናገርኳትም፤ ከዚያም በኋላ ዓመት ሙሉ በልቤ ጠላኋት። እሷም ስለ አባቴ አንድም ክፉ ቃል ስላልነገረችኝ ጥላቻዬን የሚያስቆምልኝ አልነበረም።

ሆስፒታል የሁላችንም ደም ተመረመረ፤ እርሳስ ተገኘበት። ሐኪሙ ለእናቴ ሲያስረዳት የጥራትና የንጽሕና ነገር ሲያነሳ ሰማሁ፤ ዓይን ጠራ ያለው ሁሉ ንጹሕ አይደለም አላት። እኔ ራስ ምታትና የቁጥር ትምህርት ድክመት ተረፈኝ። ድንቡሼ ትንሽ ስለነበር ገላው ሁሉንም ጠጥቶታል። እናቴ በሩን ዘጋ አድርጋ ሐኪሙን አንድ ነገር ጠየቀችው፤ መልሱን አልሰማሁም። ስትወጣ ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ ነበር።

አባቴ የሚቀጥለው እሁድ አክስቴ ቤት መጣ። አልገባም፤ ደጃፉ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ያዞራል። በጣም ከስቶ ነበር። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ቀድመን ብናመጣው ኖሮስ ምን አለ ሐኪሙ?»

«ምንም ለውጥ አያመጣም ነበር ነው ያለው» አለችው እናቴ።

አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። እኔም ሰማሁ፤ እንግዲያው ያጠፋ ሰው ከሌለ ለምን ወደ ቤታችን አንመለስም ብዬ አለቀስኩ። አልተመለስንም። እናቴ ዋሸችለት እንጂ አልታረቀችውም። እሱ በሠራው ቤት ብቻውን ቀረ፤ ከዚያው ጉድጓድ ይጠጣ ነበር። እልህ ይሁን ቅጣት እስከ ዛሬ አላውቅም። የባትሪ ሠሪውን ቤት ያዘጉት ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የአባቴ እጆች ከአንጓቸው ላይ ወድቀው መስታወት መቁረጫውን መያዝ አቁመው ነበር። ሲጨብጡት እጁ እንደ እርጥብ ፎጣ ይንጠለጠላል።

በየዓመቱ አንድ ጊዜ፣ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ፣ ያንኑ ጥያቄ እናቴን ይጠይቃት ነበር። ሠርጌ ላይ እንኳ ጠይቋታል። እሷም ቃል ሳትቀንስ ሳትጨምር ያንኑ ትመልስለታለች። እውነቱን ለእኔ የነገረችኝ አልጋ ላይ ከዋለች በኋላ ነው። ሐኪሙ የመጀመሪያዎቹ ዓሣዎች የሞቱ ጊዜ ይዘሽው ብትመጪ ልጁ ዛሬ ያወራ ነበር ብሏት ነበር። ለአባቴ እንድነግረውም እንዳልነግረውም አላዘዘችኝም። እኔ ግን በተዝካሯ ሳይሆን ገና በቀብሯ ላይ ነው የተናደድኩበት፤ እዚያ ቆሞ ሲያለቅስ ሳየው፣ አንድ ቀን ከጠየቀኝ አልምረውም ብዬ ማልኩ።

አሁን ሁለቱም እኔ ቤት ናቸው። ድንቡሼ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ይራመዳል፣ ይስቃል፣ የሚፈልገውን በጣቱ ያሳያል፤ ማንኪያ ግን ይዞ መብላት አይችልም። የሚያበላው አባቴ ነው። የወደቀውን ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ ማንኪያውን ያነሳል፤ እኩሌታው ጠረጴዛው ላይ ይፈስሳል፣ ሌላ ሰው እንዲያግዘው ግን አይፈቅድም። ባለፈው ሳምንት ምሳ ላይ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠና ወደ እኔ ዞረ።

«እናትሽ ነግራሽ ይሆናል» አለኝ። «ያን ጊዜ ሐኪሙ ምን ነበር ያለው?»

ይህን ያህል ዓመት የተጠራቀመ ንዴት ስለነበረኝ አላመነታሁም።

«ቀድማችሁ ብታመጡት ይድን ነበር ነው ያለው፣ አባዬ» አልኩት።

ያለቅሳል ብዬ ነበር። ወይ ይቆጣል፣ ወይ ውሸት ነው ይላል። ጭንቅላቱን ዝቅ ዝቅ አደረገ፣ ድሮ ልኩን የሚያውቀውን መስታወት ልኬት ስነግረው እንደሚያደርገው።

«አውቃለሁ» አለኝ። «እናትሽ ግን አንድም ቀን እንደዚያ ብላኝ አታውቅም።»

ከዚያ ማንኪያውን አነሳ፤ ወንድሜ አፉን ከፍቶ እየጠበቀው ነበር።